በጎን የተሳለችው ልጅ

እኔ በሐሜት የምታወቅ ሰው አይደለሁም። ጎረቤቶቼን ብትጠይቁ፣ «እሱ? እሱ እንኳን ሰው፣ በቆሎውን የበላበትን ዝንጀሮ አያማም» ይሏችኋል። እንዲህ ተከብሬ ኖሬ ኖሬ፣ ጥርሴ ሄዶ ድዴ ብቻ ሲቀር፣ የሰው ስም አጠፋሁ። የማንን ስም ብትሉ፣ በወረቀት ላይ የተሳለች የአንዲት የጃፓን ልጅ ስም። እንዴት እንደሆነ ላጫውታችሁ። የቸኮለ ካለ መንገዱን ይቀጥል፤ እኔ ሳወራ እንደ በሬዬ ነኝ፣ የእርሻው ጫፍ ላይ በደረስሁ ቁጥር ቆም ብዬ መተንፈስ እወዳለሁ።

የልጅ ልጄ ማስተዋል መካነ ኢየሱስ ከተማ ቤት ተከራይታ ትማራለች፤ አሥረኛ ክፍል ናት። ቅዳሜ ስንቋን ልትወስድ ወደኛ ትመጣለች። ያን ቅዳሜ ቦርሳዋን መደቡ ላይ አስቀመጠችና፣ ልብሷን ልታጥብ ወንዝ ከመውረዷ በፊት አንድ መጽሐፍ አውጥታ ሰጠችኝ።

«አባባ፣ እስክመጣ ይቺን ይመልከቱ። ማንጋ ይባላል፣ የጃፓኖች የሥዕል ታሪክ ነው። ከቀኝ ነው የሚጀመረው። እጅዎን ብቻ ይታጠቡ፣ የሰው ናት።»

እጄን ታጠብሁ። ከቀኝም ጀመርሁ። እኔ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ፊደል የቆጠርሁ ነኝ፤ ከዚያ ወዲህ ጽሑፍ ያለበት ነገር ካየሁ አላልፍም። የማዳበሪያ ጆንያ አነባለሁ። የሳሙና ካርቶን አነባለሁ። አንድ ጊዜ የበግ መድኃኒት ጠርሙስ ከላይ እስከ ታች አንብቤ ለሚስቴ ለይታይሽ ብተርክላት፣ «መጨረሻው አላማረኝም» አለች። ይኸኛው መጽሐፍ ግን በፈረንጅ ፊደል የተጻፈ ነው። ደግነቱ ሥዕሉ ከፊደሉ ይበዛል። ገጹ በትንንሽ ማሳ ተከፋፍሏል፤ በየማሳው አንድ ሰው ይጮኻል፣ አንድ ሰው ይዘላል፣ አንድ ሰው ይወድቃል።

ባለታሪኩ ፀጉሩ እንደ ገብስ ዛላ ሽቅብ የቆመ ልጅ ነው። ከቁመቱ የሚበልጥ ጎራዴ ተሸክሟል። እናቱ በመጀመሪያው ገጽ ፈገግ ብላ ትታያለች፤ በሁለተኛው ሞታለች። ይታይሽን ጠርቼ አሳየኋት።

«ምን ሆና ሞተች?» አለች።

«አይናገርም።»

«ሳትታመም?»

«ልጁ ጎራዴ እንዲያነሣ ይመስለኛል።»

«እሷ በሕይወት እያለች ቢያነሣ ማን ይከለክለው ነበር?» ብላኝ ወደ ሥራዋ ሄደች።

ቀጥሎ አንዲት ጎልማሳ ሴት መጣች። ክንዷ የአናጢ ክንድ ነው። ስትገባ ወንዱ ሁሉ ይርዳል። ደስ አለኝ፣ እሰይ አልሁ፣ ገጹን ገለጥሁ። ወድቃለች። አንድ ቀንድ ያለው ክፉ ሰው በአንድ ምት ጣላት፤ ባለጎራዴው ልጅ ይህን አይቶ ተቆጣ፤ ከተቆጣ በኋላ ሴትዮዋን ዳግመኛ ያነሣት የለም። እኔማ ተነሥታ ይሆናል ብዬ ስንት ገጽ ፈለግኋት።

አሁን ወደ ልጅቷ ልምጣ። ከልጁ ጎን የማትጠፋ አንዲት ቆንጆ ልጅ አለች፤ ዓይኗ ስኒ ያህላል። ልብ ብላችሁ ስሙኝ፣ ዓይኗ ነው ያልሁት፣ ዓይኖቿ አላልሁም። በመጽሐፉ ውስጥ በሄድሁበት ሁሉ ይቺ ልጅ የተሳለችው በጎን ነው። የሚታየው አንድ ዓይኗ ብቻ ነው።

በእኛ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ጻድቁ ሰው ፊት ለፊት ይሳላል፣ በሁለት ዓይኑ ያያችኋል። ክፉው ደግሞ በጎን ይሳላል፣ አንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል። ይሁዳም እንደዚያው፣ ሰይጣንም እንደዚያው፣ ሰማዕቱን የሚገርፈው ወታደርም እንደዚያው። ይህን እኛ አገር ከቅዳሴ መጽሐፉ በፊት ነው የምናውቀው፤ በእናታችን ጀርባ ታዝለን ነው ያየነው። ስለዚህ ልጅቷን እንዳየሁ፣ «አሃ!» አልሁ፤ «ይቺ ልትሸጠው ነው።»

ከዚያ በኋላ ክህደቷን ገጽ በገጽ እጠብቅ ጀመር። ልጁ ቆሰለ፣ ቁስሉን በጨርቅ አሰረችለት፤ «ጨርቁ መርዝ ነክቷል» አልሁ። ምግብ አቀረበችለት፤ «አትብላ!» ብዬ ጮኽሁ፣ ይታይሽ ከጓዳ «ማንን ነው?» አለችኝ። አለቀሰችለት፤ «እንዲህ ያለቀሰ ሰው አምኜ ነው በሬዬን ያጣሁት» አልሁ። ተራራ ላይ ወጡ፣ በረዶ ይወርዳል። ወንዶቹ ሁሉ ካፖርት ደርበዋል፤ እሷ ግን ቀሚሷ ከጉልበቷ በላይ ነው። እኛ ጉና ሥር የምንኖር ሰዎች ብርድ ምን እንደሆነ እናውቃለን። «ይቺ እንኳን ከዳተኛ፣ ሰውም አይደለች» ብዬ ነገሩን አጸናሁት።

አንድ ነገር ብቻ ግራ አጋባኝ። ባለቀንዱ ክፉ ሰው ፊት ለፊት ነው የተሳለው፣ በሁለት ዓይኑ ያየኛል። ብዙ አሰብሁበትና፣ «ይኸ ሰውዬ ኋላ ንስሐ ይገባ ይሆናል» ብዬ አለፍሁት።

መጽሐፉ አለቀ፤ ልጅቷ አልከዳችም። ሌላ ሰው ቢሆን «ተሳስቼ ይሆናል» ይላል። እኔ ምን አልሁ? «አቤት ትዕግሥቷ! ለሚቀጥለው አቆይታዋለች።»

በማግስቱ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰንበቴ ተቀመጥን። ማስተዋል ቤት ቀርታ ነበር፣ መጽሐፉን ጋቢዬ ውስጥ ይዣለሁ። ጠላው አንድ ዙር ሲዞር ምላሴ ተፈታ፤ ታሪኩን ከመጀመሪያው ተረክሁላቸው። ሰዉ እንዲህ ጸጥ ብሎ ሲሰማኝ በዕድሜዬ የመጀመሪያ ጊዜ ነው።

«መርዙን መቼ ነው የምታበላው?» አለኝ ጎረቤቴ አያሌው።

«ገና ነው። ትጠብቃለች።»

«ሴት ልጅ ዝም ብላ ስትጠብቅህ ፍራ» አለ አያሌው። ሚስቱ ከሴቶቹ ወገን ጉሮሮዋን ጠረገች። አያሌው ጠላውን ብድግ አድርጎ ጨለጠና የእኔን መጽሐፍ በጣም ወደ ዓይኑ አስጠግቶ ማየት ጀመረ።

ነገሩ መሪጌታ ዘንድ ደረሰ። መሪጌታ በወጣትነታቸው ቀለም በጥብጠው የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ የሳሉ ናቸው። መጽሐፉን ተቀብለው ገጹን ቀስ ብለው ገለጡ፣ አራቁት፣ አቀረቡት።

«የዚህ ሰው እጅ ደኅና ነው» አሉ። «መስመሩ ንጹሕ ነው። እንግዲህ በእኛ ሥርዓት ከሆነ ይቺ ልጅ ቦታዋ ከይሁዳ አጠገብ ነው።»

«በጃፓን ሥርዓትስ መሪጌታ?» አላቸው አንዱ።

«ጃፓን አልተማርሁም» አሉና መጽሐፉን መለሱልኝ። ሰው ግን የሰማው የመጀመሪያውን ብቻ ነው።

እኔ ቤቴ ሳልደርስ ወሬው ደረሰ። አንዲት ጎረቤታችን ማስተዋልን ደጃፍ ላይ አግኝታ፣ «አንቺ ልጅ፣ መርዝ የምታበላ ሴት መጽሐፍ ይዘሽ ትዞሪያለሽ አሉ፤ ጠበል አልወሰዱሽም?» ብላታለች። ስገባ ማስተዋል ወገቧን ይዛ ቆማለች።

«አባባ፣ ምን ብለው ነው ያወሩት?»

ነገርኋት። አንድ ዓይኗን ነገርኋት፣ ጨርቁን ነገርኋት፣ ብርዱን ነገርኋት። መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ ቁጭ አለች።

«ጥሩ ልጅ ናት እኮ አባባ። የታሪኩ ዋና ሴት እሷ ናት።»

«ዋና? ምን ሠራች?»

«ቁስሉን ታክማለች።»

«እሺ። ሌላስ?»

«ትጠብቀዋለች። ስሙን እየጠራች ታለቅሳለች።»

«ታዲያ ጥሩ ከሆነች ምነው በአንድ ዓይኗ?»

ማስተዋል መጽሐፉን ከእጄ ወስዳ ገለጠች። አንድ ገጽ አየች፣ ሌላ ገጽ አየች። ከዚያ በፊት አስባው የምታውቅ አልመሰለኝም።

«እሱን እያየች ነዋ» አለች ቀስ ብላ። «እሱ ሁልጊዜ አጠገቧ ነው። ስለዚህ ሁልጊዜ ወደ ጎን ነው የምታየው።»

«አንድ ጊዜ እንኳ ወደኛ አትዞርም?»

«ሽፋኑ ላይ ዞራለች።»

እውነቷን ነው። ሽፋኑ ላይ በሁለት ዓይኗ ፊት ለፊት ቆማለች፣ በእጇም ቀስት ይዛለች። መጽሐፉን ሳነብ ሽፋኑንም ቀስቱንም ልብ አላልኋቸውም ነበር።

«ቀስቱን መቼ ነው የምትወረውረው?» አልሁ።

«እኔም እሱን ስፈልግ ነው የሰነበትሁት።»

«ባለቀንዱስ? ንስሐ ይገባል?»

ማስተዋል ዓይኗን አፈጠጠች። «እንዴት አወቁ! ኋላ ላይ የባለጎራዴው ጓደኛ ይሆናል።»

«ልጅቷስ ኋላ ላይ ምን ትሆናለች?»

«ታክማለች» አለች። «ያን ጊዜ ሁለቱንም ታክማለች።»

መጽሐፉ ለምን እጇ እንደገባ የነገረችኝ እዚያ ላይ ነው። ትምህርት ቤታቸው የሥዕል ክበብ አለ። ከእሷ በቀር ሁሉም ወንዶች ናቸው። የራሳቸውን የጀግና ታሪክ በሥዕል ሠርተው የክበቡ ግድግዳ ላይ ሊለጥፉ ነው። ማስተዋል እጇ የተባረከ ነው፤ አያቷ ስለሆንሁ አይደለም የምለው፣ የሳለችውን ዶሮ አይቶ ድመታችን ግድግዳ ቧጥጧል። ክበቡ ግን እስካሁን የሰጣት ሥራ ለወንዶቹ መስመር ማስመርና የእርሳስ ስሕተት ማጥፋት ነው። ሰብሳቢያቸው ኪሩቤል የሚባል ልጅ ይኸን መጽሐፍ አውሷት፣ «ሴት እንዴት እንደምትሳል ከዚህ ተማሪ። ሰኞ አንድ ገጽ ሠርተሽ አምጪ፤ ከሆነ ከእኛ ጋር ትሥያለሽ፣ ካልሆነ ግን መስመሩ ላይ ትቆያለሽ» ብሏታል።

«ታዲያ ሣያት» አልኋት።

«ይቺን ልጅ መሣል እችላለሁ አባባ። ዓይኔን ጨፍኜ እችላለሁ። ግን የምሥለው ነገር የለኝም፤ ምን እያደረገች ልሣላት?»

እሷ እርሳሷን ይዛ ከግራሩ ጥላ ሥር ልትቀመጥ ወጣች። እኔ ከመጽሐፉ ጋር ቀረሁ፤ ኅሊናዬ ግን አላስቀምጥ አለኝ። ምንም ያላደረገች፣ ስታክምና ስታለቅስ የኖረች ልጅ፣ በሰንበቴ መሐል ከይሁዳ አጠገብ አስቀመጥኋት። በእኛ አገር የሰው ስም ያጠፋ ሰው ካሳ ይክሳል። ሽማግሌ ሆኜ ስንቱን አስክሻለሁ! አሁን የእኔ ተራ ሲሆን «የወረቀት ሰው ናት» ብዬ ልለፈው? ለወረቀት ሰው ደግሞ ምን ይካሳል? እህል አትበላ፣ ጋቢ አትለብስ፤ ምንም እንኳ ጋቢው ቢያስፈልጋትም። የጎደላት አንድ ነገር ነው።

እስክሪብቶ አነሣሁና ሁለተኛ ዓይን አወጣሁላት።

የመጀመሪያውን ገጽ ስጨርስ ደስ አለኝ። ግን በአንዱ ገጽ ሁለት ዓይን፣ በሌላው ገጽ አንድ ዓይን ይዛ እንዴት ትኖራለች? ፍትሕ ከሆነ ሁሉም ጋ ይድረስ ብዬ በየገጹ፣ በየማሳው፣ ስታክምም ስታለቅስም፣ አንዲት ሳላስቀር ዓይን ሰጠኋት። በሰማያዊ እስክሪብቶ። ይታይሽ መጥታ በትከሻዬ ላይ ተመለከተች።

«አንቱ ሰው፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«ካሳ እየከፈልሁ ነው።»

«ይኸ ምንድን ነው?»

«ዓይን።»

«ጆሮዋ ላይ?»

ያን ጊዜ ነው ያየሁት። ፊቷ በጎን ስለሆነ ለሁለተኛ ዓይን ቦታ የለም፤ እኔም ባዶ ቦታ ያገኘሁት ከጆሮዋ አጠገብ ነው። በመላው መጽሐፍ ውስጥ ልጅቷ በጆሮዋ ታያለች።

ማስተዋል ገብታ ስታይ አልጮኸችም። ብትጮኽ ይሻለኝ ነበር። መጽሐፉን ይዛ መደቡ ላይ ቁጭ አለች፣ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። «ኪሩቤል ይኸን ካየ ገጼን አይቀበለኝም» አለች። «መስመር ማስመሩንም አያሠራኝም።» ይታይሽ እኔን በሁለት ዓይኗ አየችኝ። መሬት ብትውጠኝ አልጠላም ነበር።

ኋላ ማስተዋል በእጇ እንባዋን ጠርጋ አንዱን ሥዕል ወደ ብርሃን አዞረችው።

«እምዬ፣ ይመልከቱ» አለች። «ይቺኛዋ ዓይን አስቀያሚ ናት። ግን እኛን ነው የምታየው።»

ብድግ አለች። አያቷ ጥጥ የምትነድፍበትን ደጋን ከግድግዳው አወረደችና እጇ ላይ አኖረችላት። «እምዬ፣ እስቲ እንደ ቀስት ይሳቡት። ወደ እኔ።»

«እኔ በደጋን ጥጥ እንጂ ሰው መትቼ አላውቅም» አለች ይታይሽ።

«ዝም ብለው ይቁሙልኝ። እግርዎን ከፈት ያድርጉ። ይዩኝ፣ እኔን ይዩኝ።»

ይታይሽ መጀመሪያ አፈረች፣ ነጠላዋን አስተካከለች፣ ሳቀች። ከዚያ ጅማቱን ሳበችው። አብረን ስንኖር ያን ፊቷን አይቼው አላውቅም። በር ላይ ቆሜ ነበርና ሳላውቀው ከቀስቱ መስመር ወጣሁ።

ሰኞ ማለዳ ከማስተዋል ጋር መንገድ ገባሁ። ባለመጽሐፉ ኪሩቤልን በአካል ይቅርታ መጠየቅ አለብኝ፤ ለካሳም አንዲት ዶሮ በብብቴ ይዣለሁ። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ አስቆመኝ።

«አባቴ፣ ዶሮ ይዞ መግባት አይቻልም።»

«የካሳ ናት።»

«የካሳም ቢሆን ክልክል ነው። እኔ ጋ ትቆይ።»

የክበቡ ክፍል ጠባብ ናት። ግድግዳው በሥዕል ተሞልቷል፤ ፀጉሩ የቆመ ልጅ፣ ጎራዴ፣ እሳት፣ ጎራዴ። ኪሩቤል ረዥም፣ ጨዋ ልጅ ነው፤ ተነሥቶ ወንበር ለቀቀልኝ። ማስተዋል መጽሐፉን ሰጠችው። ገለጠ። ሌላ ገጽ ገለጠ።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«እኔ ነኝ ልጄ» አልሁ፤ ከሰንበቴው ጀምሬ እስከ እስክሪብቶው ሁሉንም ነገርሁት። ከኋላ ያሉት ልጆች ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው። ኪሩቤል አልሳቀም።

«ለሥዕል ነው የካሱት አባቴ?»

«ስሟን አጥፍቼ ነበራ። ለአንተ የሚሆነው ካሳ ደግሞ ዘበኛው ጋ ናት።»

ኪሩቤል ወደ ማስተዋል ዞረ፤ ድምፁ ቀዝቀዝ ብሏል። «ገጽሽስ?»

ወረቀቷን ዘረጋችው። አንዲት ልጅ ብቻዋን ቆማለች። እግሯን ከፈት አድርጋለች፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ ጠብቃ አስራለች፣ ቀስቱን እስከ ጆሮዋ ስባለች። ፍላጻው ወደኛ ነው። ሁለት ዓይኖቿም ወደኛ ናቸው።

«ጀግናው የታለ?» አለ ኪሩቤል።

«ይቺው ናት።»

«ማለቴ፣ ማንን ነው የምታየው?»

«አንተን» አለችው።

ኪሩቤል ወደ ግራ ፈቀቅ አለ። አየ። ወደ ቀኝ ሄደ። አሁንም እሱኑ ነው የምታየው። «መጽሐፉ ላይ እንዲህ አይደለም» አለ፤ ነገር ግን መጽሐፉን ይዞ እየተናገረ ዓይኑ ወረቀቱ ላይ ነበር። በመጨረሻ፣ «ግድግዳው ሞልቷል» አለ። «ከበሩ ኋላ ብቻ ትንሽ ቦታ አለ።»

ከበሩ ኋላ ማለት በሩ ወደ ውስጥ ሲከፈት የሚሸፍነው ግድግዳ ማለት ነው። በሩ ክፍት ከሆነ አይታይም፤ በሩ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ክፍት ነው። ማስተዋል ሄዳ ለጠፈችው። እኔ ልቤ ተሰበረ። ቢያንስ እኔ ልየው ብዬ ከበሩ ኋላ ገባሁ። አንዱ ልጅ ሲገባ በሩ ግንባሬን መታኝ። «ይቅርታ አባቴ፣ ምን እያዩ ነው?» አለና በሩን ገፋ አድርጎ አየ። ጓደኛውን ጠራ። ጓደኛው በሩን ዘጋው። በኮሪደሩ የሚያልፉ ሴት ተማሪዎች የተዘጋውን በር ከፍተው ምን እንዳለ ሊያዩ ገቡ፤ ማስተዋል እንደነገረችኝ ወደዚያ ክፍል ከዚያ በፊት ገብተው አያውቁም። እነሱም ለማየት በሩን ዘጉት። ትንሽ ቆይቶ ያ ጥግ እንደ ገበያ ቀን ሆነ፤ እኔ ከግድግዳውና ከአንዲት ልጅ ቦርሳ መሐል ተጣብቄ ቀረሁ።

«ፍላጻውን ለቀቀችው?» አለች ባለቦርሳዋ።

«ገና ናት» አለች ማስተዋል።

«ከዚያስ ምን ታደርጋለች?»

«እሱን ለመንገር ሌላ ገጽ ያስፈልገኛል።»

ሁሉም ወደ ኪሩቤል ዞረ። እሱ ከሰዉ ግፊት በሩን በጀርባው ደግፎ ቆሟል። አፉን ሊከፍት ሲል ከውጭ በሩ ተንኳኳ፣ ተገፋ፣ አልከፈት አለ።

«ማነው በሩን የያዘው?» አለ የመምህር ድምፅ።

ኪሩቤል ግድግዳውን ዙሪያውን አየ፤ እሳቱን፣ ጎራዴውን፣ እሳቱን።

«ትንሽ ይታገሡን መምህር» አለ፣ «ለማስተዋል ቦታ እየፈለግን ነው።»